ዝንጅብል ሥር አይደለም፤ ቁራጩም አማና ነው



ዝንጅብል የማይገባበት ቤት የለንም። በረመዳን ከኢፍጧር በኋላ በሻይ፣ ጉንፋን ሲይዘን ከማር ጋር፣ ወጥ ሲሠራ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ወቅጠን እንጠቀምበታለን። ስሙም በቁርኣን በሱረቱል ኢንሳን 17ኛ አንቀጽ ከጀነት ሰዎች መጠጥ ጋር ተነሥቷል። ይህን ያህል የምናውቀውን ተክል ግን አብዛኞቻችን «ሥር» እንለዋለን። ስሕተቱ የስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት ነበር።

የምንበላው ክፍል ከአፈር በታች አግድም የሚያድግ ግንድ ነው። ልብ ብላችሁ ብታዩት አንጓና ዐይን አለው። እውነተኞቹ ሥሮች ከእርሱ የሚወጡት ቀጫጭን ክሮች ናቸው። ዐይን ያለው ቁራጭ ሲተከል ቡቃያው ወደ ላይ ይወጣል፤ ግርጌው እየወፈረ የመጀመሪያው ጉብታ ይሆናል። ከጉብታው ጎን «ጣቶች» ይበቅላሉ፤ ጣቶቹም በተራቸው ቡቃያ ያወጣሉ። ቅጠሎቹ በፀሐይ ብርሃን ያዘጋጁት ምግብ ወደ ታች ወርዶ በስታርች መልክ ይከማቻል። ከ8 እስከ 10 ወር ባለው ጊዜ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲደርቅ ዝንጅብሉ ደርሷል ማለት ነው። ቀደም ብሎ የተነቀለው ለስላሳ ነው፤ የቆየው ደግሞ ቃጫው ይበዛል፣ ማቃጠሉም ይበረታል።

ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ገበሬው የሚያመርተው ዝንጅብል በፍሬ አይራባም፤ አዲሱ ተክል የእናቱ ቁራጭ ነው። ስለዚህ እናቲቱ በሽታ ካለባት ቁራጩም ይዞት ይሄዳል። በ2004 ዓ.ም. በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተዛመተው የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ የብዙ ገበሬዎችን ማሳ ጠራርጎ አጥፍቷል። ይህ በሽታ በዘር ቁራጭ፣ በአፈርና በውሃ ይተላለፋል፤ አፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል።

«አንድ ቁራጭ ምን ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። በእኔ እምነት ግን ጤንነቱን ያላወቅነውን የገበያ ዝንጅብል ዝንጅብል ወደሚመረትበት አካባቢ ለዘር ይዞ መሄድ የሌላውን ሐቅ መንካት ነው። ገበሬ ዘመዶቻችሁም ዘር ሲፈልጉ የግብርና ባለሙያ ያማክሩ። የበሰበሰውንም ማሳ ውስጥ አትጣሉት።

በቤታችሁ መትከል ከፈለጋችሁ ግን ሰፋ ያለ ማሰሮ ይበቃል። ዐይኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት። ውሃ የሚቋጥር አፈር ያበሰብሰዋልና የማሰሮው ሥር ቀዳዳ ይኑረው። ልጆቻችሁም ከአንዲት ዐይን ስንት ጣት እንደሚወጣ በዐይናቸው ይዩ።

በመጨረሻም፣ በምግብና በሻይ መጠን መጠቀሙ መልካም ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ግን ዝንጅብልን በብዛት ከመውሰዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።