ዝናቡን ቆመው እንዲቀበሉት

ቦረና ውስጥ የዚህ ሰሞን የጠዋት ሥራ ላም ማንሳት ነው። ሌሊት የወደቀችውን አንዱ በቀንዷ፣ አንዱ በጅራቷ ይዞ፣ ሌላው ከሆዷ ሥር ገብቶ ያቆማታል። ከቆመች ያን ቀን ትውላለች። ካልቆመች በቃ። የሚያነሷት ሰዎችም ሆዳቸው ባዶ ነው።

ወገኔ፣ ስማኝ። እህቴ፣ ስሚኝ። የካቲት 2015 እየተጋመሰ ነው። ቦረናዎች ጋና የሚሉት ዋናው ዝናብ፣ እኛ በልግ የምንለው፣ በደህና ዘመን መጋቢት ላይ ይጀምራል። እስከዚያ የቀሩት ሳምንታት ጥቂት ናቸው። ዝናቡ ሲወርድ ማንን በሕይወት እንደሚያገኝ የሚለየው በእነዚህ ሳምንታት ነው።

አምስት ወቅት ሙሉ ዝናብ ቀረ። በ2013 መግቢያ ሃጋያ የሚባለው አጭሩ ዝናብ ቀረ። በዚያው ዓመት ጋናው ቀረ። በ2014 ሁለቱም ቀሩ። ዘንድሮም ሃጋያው እዚህም እዚያም ከማካፋት በቀር ምድር ሳያርስ አለፈ። አንድ ወቅት ቢቀር ቦረና ከብቱን ራቅ ወዳለ ሣር ነድቶ ይችለዋል። ሁለት ቢቀር ሸጦ፣ ተበድሮ፣ ልጁን ዘመድ ዘንድ ልኮ ያልፈዋል። አምስት ሲቀር የሚነዳበት ሣር የለም፤ የሚሸጠው ከብት የለም፤ የሚያበድረው ዘመድም የለም። በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አልቋል። ዱብሉቅ ላይ ትናንት ባለ መንጋ የነበሩ አባወራዎች በላስቲክ ዳስ ውስጥ ተቀምጠው እርዳታ ይጠብቃሉ። እነዚህ ሰዎች እንግዳ ሲመጣባቸው ወተት ሳያቀርቡ ስም መጠየቅ የሚያፍሩ ሰዎች ናቸው።

«እኛ ዘንድ እኮ ክረምቱ ጥሩ ነበር» ትል ይሆናል። አዎ፣ ጥሩ ነበር። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ፣ ጎጃም፣ አርሲ በዝናብ ሲርስ ቦረና ደረቅ ነው፤ ደመናና ብርድ ያያል፣ ውሃ አያገኝም። የእሱ ዝናብ በልግ ላይና ጥቅምት ላይ ነው የሚመጣው። ለሦስት ተከታታይ ዓመት የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ቀዝቅዞ ከርሟል፤ የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ላኒና ይሉታል። ላኒና ብዙ ጊዜ ለደጋው ክረምት ይበጃል፤ የደቡቡንና የምሥራቁን ቆላ ዝናብ ደግሞ ይነጥቃል። ጎተራህን የሞላልህ ሰማይ የእነሱን ኩሬ ያደረቀ ሰማይ ነው። ስለዚህ ከሱሉልታ ሜዳ የታጨደው ድርቆሽ፣ ከአርሲ አውድማ የተከመረው የስንዴ ጭድ የእነሱም ድርሻ አለበት። እኔ እንደዚያ ነው የምቆጥረው። አንተም እንደዚያ ቁጠረው።

ቦረና መረዳዳትን ከማንም የሚማር ሕዝብ አይደለም። ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ሥርዓት አለው። ከብቱ ያለቀበት ሰው ጎሳው ፊት ይቀርባል፤ ጎሳው ተቀምጦ ይመክራል፤ ያለው ሰው ከመንጋው ላም ለይቶ ይሰጠዋል። ልመና የለበትም፤ ውርደት የለበትም። ተቀባዩም ነገ ሰጪ ይሆናል። ስንት ድርቅ፣ ስንት የከብት በሽታ በዚህ ታልፏል! ዘንድሮ ግን ጎሳው ሲሰበሰብ ሰጪ ጠፋ። ከብቱ ያላለቀበት ስለሌለ የሚሰጥ ሊኖር አልቻለም።

እንግዲያውስ ጎሳው ይስፋ። አዲስ አበባ ጎሳ ትሁን። ባሕር ዳር ጎሳ ትሁን። ጅማ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ ጎሳ ይሁኑ። ጦርነቱ የረገጠው ሰሜን ራሱ ገና ቁስሉን እያከመ ነውና ከእሱ አልጠይቅም፤ ቢሆንም ከዚያም የሚሰጥ እንደማይጠፋ አውቃለሁ።

ምን ላድርግ ትላለህ? መኖ ላክ። መኖ ይቅደም።

ሰው እየተራበ ለከብት ድርቆሽ መላክ ምን ይባላል የሚሉ አሉ። ለእነሱ መልሱ ይህ ነው፤ የቦረና ልጅ ምግቡ ወተት ነው። ላሟ ስትሞት ወተቱ ይቋረጣል። እህል መግዣው ይቋረጣል። የትምህርት ቤት ደብተርና የሕክምና ብሩ ይቋረጣል። ለላሟ የደረሰ አንድ እስር ድርቆሽ ለልጁ ደርሷል። ለዛሬ ረሃብ እህልና አልሚ ምግብ ላኩ፤ የከርሞው ረሃብ እንዳይመጣ ደግሞ ድርቆሽ ላኩ። ሁሉንም ከብት ማዳን አይቻልም፤ ባለከብቶቹም ያውቁታል። ጊደሮቹን፣ ገና የሚወልዱትን ላሞች ለይተው ይዘዋል። ለእነዚያ ድረሱላቸው። ከመንጋው አምስት ላም የተረፈችለት ሰው ነገ እንደገና ሰው ይሆናል። አንድም ያልተረፈችለት ግን ልጆቹን ይዞ ለዓመታት የእርዳታ ሰልፍ ላይ ይቆማል።

እድርተኞች፣ እሑድን ሳትጠብቁ ተሰብስባችሁ ይህን አጀንዳ አስቀድሙ። ለቀብር ያጠራቀማችሁት ገንዘብ ከሞት በፊት ቢደርስ ምን ይከለክለዋል? አንድ እድር አንድ አይሱዙ ድርቆሽ ይሙላ። አንዱ ብቻውን ካልቻለ ሁለት እድር ይሙላ። እቁብተኞች፣ የአንድ ዙር እጣ ለቦረና ይውጣ። ለፋሲካ ቅርጫ የምትገቡ ጎረቤታሞች፣ ያ የምትኮሩበት የቦረና ሰንጋ ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ከመዋጯችሁ ላይ ለመኖ የሚሆን ዛሬውኑ ቀንሱ።

ወፍጮ ቤት ያላችሁ፣ ዱቄት ፋብሪካ ያላችሁ፣ ፉርሽካችሁን ስጡ። ዘይት የምትጨምቁ፣ ፋጉሏችሁን ስጡ። ገበሬዎች፣ አባቶቼ፣ ከጭድ ክምራችሁ ላይ አንድ ሸክም ለዩ። በሬ የሌለው ገበሬ ምን እንደሚሆን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

መኪና ያላችሁ፣ ወደ ደቡብ ባዷችሁን አትውረዱ። የቦረናዋ ያቤሎ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ብዙ ጊዜ መኖው ተገኝቶ የሚቀረው ማጓጓዣ እየታጣ ነው። ቦቴ ያለው ውሃ ያመላልስ። ነዳጅ መሙላት የሚችል ይሙላ።

ኮንትራክተሮች፣ እናንተን ለብቻ ነው የምጠራችሁ። ኩሬዎቹ ደርቀዋል፤ ደለል ሞልቷቸዋል። ኩሬ የሚጠረገው ሲደርቅ ነው፤ ያ ጊዜ አሁን ነው። በዚያ አካባቢ የቆመ ኤክስካቫተር፣ የቆመ ሎደር ያለው ሰው ለጥቂት ቀን ቢለቀው፣ መጋቢት ላይ የሚዘንበው ውሃ በጎርፍ ሄዶ አይጠፋም፤ ከብቱም ሰውም ወራት ይጠጣዋል። ማሽን በሌለበት በአካፋ ይጠረግ፤ ለጠራጊው የቀን አበል እንስጠው። ጉልበት ሞልቷል፤ የጎደለው የሚበላ ነው።

ከብት ነጋዴዎች፣ በቁናችሁ አትግዙ፤ በሚዛን ግዙ። የከሳውን ከብት በሚገባው ዋጋ ግዙት። በ1998 ድርቅ ሞያሌ አካባቢ ለነጋዴዎች ብድር ተመቻችቶላቸው 20 ሺህ ገደማ ከብት ከሞት በፊት ገዝተው አወጡ። ባለከብቶቹ በዚያ ገንዘብ ለቤተሰባቸው እህል፣ ለቀሩት ከብቶች መኖና መድኃኒት ገዙ።  ይህ በእናንተ ሙያ፣ በዚያው ምድር የተሠራ ሥራ ነው። ድገሙት። መኪና ላይ መውጣት የሚችል ከብት ገና አለ፤ በየቀኑ ግን እያነሰ ነው።

ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የእንስሳት ሐኪሞች፣ እረፍታችሁን እዚያ አሳልፉ። የከሳ ከብት ከመኖው እኩል የትል መድኃኒትና ክትባት ያስፈልገዋል። የሞተው ከብት ከውሃው አጠገብ ተነስቶ ካልተቃጠለ ወይም ካልተቀበረ የቀረችውን ውሃ ይመርዛታል። ባሌ ውስጥ ካለፈው ነሐሴ ጀምሮ ኮሌራ አለ፤ ሰው በተጨናነቀበት መጠለያ እንዳይገባ የውሃ ማከሚያና ሳሙና አሁን ይድረስ።

መምህራን፣ ልጆቹን አትልቀቋቸው። በድርቅ ጊዜ መጀመሪያ ከክፍል የሚጠፋው ሩቅ ውሃ የሚቀዳ ልጅ ነው። ሴቷ ደግሞ አንዴ ከቀረች ወደ ክፍሏ ሳይሆን ወደ ትዳር ነው የሚወስዷት። አንድ ሳህን ምሳ በትምህርት ቤት ውስጥ ብትኖር ልጁ ይመጣል። ያችን ሳህን እንሙላት።

ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ ረመዳንም እየመጣ ነው። ክርስቲያን ወንድሜ፣ በጾሙ የተውከውን የወተትና የሥጋ ወጪ ወተቱ ለነጠፈበት ቤት ስጥ። ሙስሊም ወንድሜ፣ ዘካህን ወር አትጠብቅበት፤ ሰደቃህን ዛሬ አውጣ። ሚኒሶታ፣ ዋሽንግተን፣ ሪያድ፣ ዱባይ ያላችሁ፣ ለቤተሰብ በምትልኩት ላይ ጥቂት ጨምሩ። ድንበር ተሻግሮ ኬንያ፣ ማርሳቢት ያለው ቦረናም በዚሁ ድርቅ ነው ያለው፤ በዳዋና በሊበን ያለው የሶማሌ ወንድማችንም እንዲሁ። ዝናቡ ሲቀር ወሰን አላየም። የእኛም እጅ ወሰን አይይ።

ስትሰጡ ለምታውቁት ስጡ። ለቀይ መስቀል፣ ለቤተ እምነታችሁ፣ ደረሰኝ ለሚቆርጥ ማኅበር ስጡ። በየስልኩ የሚዞረው የሂሳብ ቁጥር ሁሉ እውነት አይደለም። ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ፤ ጠይቃችሁ ግን ላኩ። ጥርጣሬ ላለመስጠት ምክንያት እንዳይሆናችሁ።

መንግሥትስ ካላችሁ፣ ጠይቁት። የመረጣችሁትን እንደራሴ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ሥራው ነው። በ1965 ወሎ በረሃብ ስታልቅ ወሬው ታፍኖ ነበር። በጥቅምት 1966 የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን እስኪታይ ድረስ ብዙው ዓለም አልሰማም። በጥቅምት 1977 ደግሞ የኮረም ረሃብተኞች ሥዕል በዓለም ሲናኝ ብዙዎች ሞተው ነበር። ያኔ አላየንም፣ አልሰማንም ያለ ሰው ምናልባት እውነቱን ይሆናል። ዛሬ ግን የወደቀችው ላም በእጃችን ባለ ስልክ ውስጥ ናት። ያየ ሰው ደግሞ አላየሁም አይልም።

አንድ ነገር አደራ። ዝናቡ ሲጀምር እጃችሁን እንዳትሰበስቡ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ በድርቅ ለደከመ ከብት የመጀመሪያው ዝናብ ገዳይ ነው። ቆዳና አጥንት የሆነች ላም ሌሊት ዝናብና ብርድ ሲመታት አይነጋላትም። ድርቁን ሁሉ ችላ ቆይታ ዝናቡ በመጣ በሳምንቱ ትሞታለች። ሣሩም በአንድ ቀን አይበቅልም፤ እስኪበቅል ሳምንታት አሉ። ላሟ ወልዳ ወተት እስክትሰጥ ደግሞ ወራት አሉ። ቴሌቪዥኑ ቦረና ዘነበ ብሎ ሲያበስር እልል በሉ፤ እልል ብላችሁ ደግሞ ሁለተኛውን መኪና ጫኑ።

ቦረና ውስጥ ዘጠኙ ቱላዎች የሚባሉ ጥንታዊ ጉድጓዶች አሉ፤ አንዳንዶቹ እስከ 30 ሜትር ይጠልቃሉ። ሰዎች ከታች እስከ ላይ በደረጃ በደረጃ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ውሃውን ወደ ገንዳው ያወጡታል። አንዱ እጁን ቢያጥፍ ውሃው መሐል ላይ ይቀራል። እኛም ዛሬ ሰልፉ ውስጥ ነን። ድርቆሹ ሱሉልታ አለ፤ ላሟ ቦረና ውስጥ ዲሎ አለች፤ በመሐል ያለነው እኛ ነን።

አንተ ቦታህን ያዝ። አንቺ ቦታሽን ያዢ።

ያለው ይስጥ። የሌለው ይጫን። መጫን የማይችል ይቁጠር፣ ይመዝግብ፣ ይደውል። ልጅ ከኪስ ገንዘቡ ያምጣ። ሽማግሌ ይሸምግል፤ እንቢ ያለውን ባለጸጋ ደጁ ሄዶ ይለምነው።

ነገ አትበሉ። ደሞዝ ሲደርስ አትበሉ። የመጀመሪያው ካፊያ ይታይ አትበሉ።

ስልክህን አንሳ። መጀመሪያ ለእድርህ ዳኛ ደውል። ቀጥለህ መኪና ላለው ጎረቤትህ ደውል። ድርቆሹን ዛሬውኑ ተዋዋሉ፤ ቅዳሜ ይጫን፤ እሑድ ከቅዳሴ በፊት መኪናው የሞያሌን መንገድ ይዞ ይውጣ።