የአያቴ ወንጭፍና የፊዚክስ ትምህርት

ውድ ወላጆቻችንና የተከበራችሁ የማኅበረሰባችን ሽማግሌዎች፣

የተወለድኩት እዚህ እስራኤል ነው፤ የምማረውም በዕብራይስጥ ስለሆነ አማርኛዬ ላይ ስሕተት ቢገኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለ ፊዚክስ ነው። ብዙ ወላጆች «ይህ የእኛ ነገር አይደለም» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ምክንያቴንም ቤዝቦል በሚባለው ጨዋታ አስረዳለሁ።

ቤዝቦል አሜሪካውያን በጣም የሚወዱት ጨዋታ ነው። እዚህ አገር የሚጫወቱት ጥቂት ናቸው፤ ሆኖም በ2021 የእስራኤል ቡድን በቶኪዮ ኦሎምፒክ ተወዳድሯል። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። በወርዋሪውና በመቺው መካከል 18.44 ሜትር አለ። ጎበዝ ወርዋሪ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲወረውር ኳሱ በ0.4 ሴኮንድ ገደማ ይደርሳል። ዱላውን ለማዞር ብቻ 0.15 ሴኮንድ ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ መቺው ለማየትና ለመወሰን የሚቀረው ጊዜ ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል ነው። ትንሽ ከቸኮለ ወይም ከዘገየ ኳሱ ወደ ጎን ይወጣበታል።

ከዚህ በላይ የገረመኝ ኳሱ በአየር ላይ መታጠፉ ነው። ወርዋሪው በጣቶቹ ሲያሽከረክረው ኳሱ ከኋላው ያለውን አየር ወደ አንድ ጎን ይገፋል፤ አየሩም መልሶ ኳሱን ወደ ሌላው ጎን ይገፋዋል። ይህ በ1852 ጉዳዩን ባጠናው በጀርመናዊው ሊቅ በማግኑስ ስም ይጠራል። በኳሱ ላይ ያለው ስፌትም አየሩን እንዲይዝ ይረዳዋል።

ይህንን ለአያቴ ነገርኳቸው። አያቴ በ1991 ከጎንደር አገር የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ትምህርት ቤት አልገቡም። ስቀው እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ በልጅነቴ ማማ ላይ ሆኜ ማሽላ ስጠብቅ ጦጣና ወፍ በወንጭፍ አባርር ነበር። ድንጋዩ የሚሄደው በለቀቅሽበት ጊዜ ወደሚበርበት ነው። ቀድመሽ ብትለቂው ይስታል፤ ብትዘገዪም ይስታል። ወንጭፉ ከረዘመ ደግሞ ድንጋዩ ይፈጥናል።»

እኔ ዝም አልኩ። ይህ መምህራችን በሁለት ሳምንት ያስተማረን ነው። በክብ የሚዞር ነገር ሲለቀቅ በዚያች ቅጽበት ወደሚሄድበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አዟዟሩ እኩል ሆኖ ገመዱ ሲረዝም ጫፉ ይፈጥናል። የቤዝቦል ወርዋሪም ሰውነቱን እንደ ወንጭፍ ነው የሚጠቀምበት፤ ኃይሉ ከእግሩ ተነሥቶ በወገቡ፣ በትከሻውና በክርኑ አልፎ እስከ ጣቶቹ ይደርሳል።

ሌላም ነገርኳቸው። በአሜሪካ ዴንቨር የምትባል ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል አየሩ ይሳሳል፤ የተመታ ኳስም ከሌላ ቦታ ይልቅ ርቆ ይሄዳል። «ጎንደርስ?» አሉኝ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። «እንግዲያው እኛ ዘንድ ይበልጥ ይርቃል!» አሉ። ትክክል ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ዘንድሮ ለባግሩት የምንማረውን እንመርጣለን። እኔ 5 ያሂዶት ፊዚክስ እንደምፈልግ ስናገር አንድ አማካሪ ውጤቴን እንኳ ሳያይ «ቀለል ያለ ብትመርጪ ይሻልሻል» አለኝ። ይህ አስቆጣኝ። አባቴ ግን «ልጄ፣ ቤት ውስጥ የሚረዳሽ ሰው የለም» ሲለኝ የበለጠ አዘንኩ፤ ምክንያቱም ስለሚያስብልኝ ነው ያለኝ።

በእርግጥ በወንጭፍ ባግሩት አይታለፍም። ሒሳቡን ማጥናት፣ ሲያስፈልግም ተጨማሪ ትምህርት መውሰድ ግድ ነው። አያቴ ቀመር ሊፈቱልኝ አይችሉም። ነገር ግን ፊዚክስ ለእኛ ባዕድ እንዳልሆነ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ወላጆቻችን ብረት ቀጥቅጠዋል፣ ሸክላ ሠርተዋል፣ ሸማ ሸምነዋል። ይህ ሁሉ የሙቀት፣ የኃይልና የመጠን እውቀት ይጠይቃል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ልጃችሁ ከፊዚክስ ትምህርት ሲመለስ «አልገባኝም» ብላችሁ አትለፉ፤ ምን እንደተማረ ጠይቁት፣ እናንተም በእጃችሁ የሠራችሁትን ንገሩት። ሁለተኛ፣ ልጃችሁን ወደ ዝቅተኛ ክፍል ለማውረድ ሲያስቡ፣ አስተርጓሚ ይዛችሁም ቢሆን ትምህርት ቤት ሂዱና «ውጤቱ የታለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ትምህርት ቤት የተከበረ ነው፤ ወላጅም የመጠየቅ መብት አለው።

አባቴ በመጨረሻ ወረቀቱን ፈርሞልኛል። እንደሚሳካልኝ ገና አላውቅም። አያቴ ግን ዓርብ ዓርብ ከሰንበት በፊት «ሳምንቱን ምን ተማርሽ?» ይሉኛል። መልስ እንዳላጣ ብዬ አጠናለሁ።