ፈሪዋን በቀቀን ማላመድ፤ እምነት በግድ አይገኝም

ከመካነ ሰላም ከተማ አንዲት እናት ለዚህ አምድ ደብዳቤ ጽፈዋል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ የሦስት ልጆች እናት ናቸው። ከመኖሪያ ቤታቸው አጠገብ የነበረ አንድ ያረጀ ዛፍ ሲቆረጥ፣ ከግንዱ ቀዳዳ ውስጥ ላባዋን አውጥታ ለመብረር የተቃረበች አንዲት አረንጓዴ ወፍ ወድቃ ተገኘች። ምንቃሯ ጎባጣ፣ ጅራቷ አጭር ነው። ዛፉ ሲወድቅ አንድ ክንፏ ተጎድቷል። የዐሥር ዓመት ልጃቸው አንሥቶ ወደ ቤት ካስገባት በኋላ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰዷት። ሐኪሙም አጥንቱ ጠሞ ስለ ገጠመ ወፊቱ ከእንግዲህ መብረር እንደማትችል ነገራቸው።

ወፊቱ ከቤት ከገባች እነሆ አምስት ሳምንት ሆኗታል። ልጁ ግን እጁን ወደ ጎጆዋ ባስገባ ቁጥር ወደ ጥግ ትሸሻለች፣ ትጮኻለች፣ ጣቱንም ነክሳ አድምታዋለች። ጎረቤቶችም ምክራቸውን አልነፈጉም። አንዷ «አስርቧት፤ ሲርባት ትለምዳለች» ሲሉ፣ ሌላው «በጨርቅ ጠቅልሎ አጥብቆ ይያዛት» ብለዋል። እናቲቱ ደብዳቤያቸውን የሚጨርሱት «ልጄ ወፊቱ ጠላችኝ እያለ ያለቅሳል፤ ምን ላድርግ?» በሚል ጥያቄ ነው።

በቅድሚያ የምንመልሰው ይህንን ነው። ወፊቱ ልጅዎን አልጠላችውም፤ ፈርታዋለች። በጥላቻና በፍርሃት መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። የሚፈራ ፍጡር የሚናከሰው መሸሻ ሲያጣ ነው። ስለዚህ ከእርስዎና ከልጅዎ የሚፈለገው ወፊቱን በግድ መያዝ ሳይሆን፣ በገዛ ፈቃዷ እንድትቀርባችሁ መንገዱን ማመቻቸት ነው።

ወፊቱ ምን ዓይነት ናት?

ብዙ ሰው በቀቀን ሲባል ከባሕር ማዶ የመጣች፣ በሳሎን ውስጥ ተቀምጣ የሰው ንግግር የምትደግም ወፍ ብቻ ትመስለዋለች። ይሁን እንጂ በቀቀን ለአገራችን እንግዳ አይደለችም። ግንባሯ ቢጫ የሆነችው በቀቀን በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም አትገኝም። ጥቁር ክንፍ ያላት ትንሽዋ አረንጓዴ በቀቀን ደግሞ የምትኖረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋዎች ነው። ሳይንሳዊ ስሟም በኤርትራ ከሚገኘው ከታራንታ ተራራማ መተላለፊያ የተወሰደ ነው። ከደብዳቤው እንደምንገምተው የመካነ ሰላሟ ወፍ ይህችው ትንሽዋ ናት።

ይህች ወፍ ከራሷ እስከ ጅራቷ ጫፍ 16 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትረዝማለች። ያደገው ወንድ ግንባሩ ቀይ ነው፤ ሴቷ ግን ግንባሯም እንደ ገላዋ አረንጓዴ ነው። ጫጩቶቹ ሁሉ ሴት መስለው ያድጉና ወንዱ ቀዩን ላባ የሚያወጣው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ «ወፊቱ» የምንላት ነገ ወንድ ሆና ብትገኝ ቤተሰቡ አይደነቅ! እነዚህ ወፎች በቡድን ሆነው የሾላና የጥድ ፍሬ ይለቅማሉ፤ ማታ ማታ በዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ያድራሉ። የሰው ንግግር በመድገም ረገድ ግን ብዙም አይታወቁም። በመሆኑም ልጁ «እንደምን ዋልክ» እንድትለው መጠበቅ የለበትም።

እጅ ለምን ያስፈራታል?

ዶሮ ያረባች እናት ሁሉ ይህን ታውቃለች። ጭላት በሰማይ ሲያንዣብብ እናቲቱ ዶሮ ድምጿን ትለውጣለች፣ ጫጩቶቹም ወዲያው ክንፏ ሥር ይገባሉ። ለትንሽ ወፍ ሞት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከላይ ነው። እንግዲህ የልጁ እጅ ከላይ ወደ ታች ጣቶቹን ዘርግቶ ሲወርድ፣ ለወፊቱ የጭላት ጥፍር ሆኖ ይታያታል። ፊት ለፊት ቆሞ ዓይንን አፍጥጦ መመልከትም እንዲሁ የአዳኝ ጠባይ ነው።

ፍርሃቷን ከአኳኋኗ መረዳት ይቻላል። ላባዋን ወደ ገላዋ አጣብቃ ቀጥ ብላ ከቆመች፣ በአፏ ካለከለከች፣ ወይም ወደ ጥግ ከተለጠፈች ፈርታለች ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ ይገባል። በአንድ እግሯ ከቆመች፣ ላባዋን ነፋ አድርጋ ካራገፈች፣ ምንቃሯን ቀስ እያደረገች ካፋጨች ግን ተረጋግታለች ማለት ነው።

የማላመጃው መንገድ

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ ሥራው በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ የሚከናወን ነው። ሥራ ያላቸው እናቶችም ጊዜ የለንም ብለው ሊሰጉ አይገባም። ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄድ በፊት ዐሥር ደቂቃ፣ ማታ ከሥራ መልስ ዐሥር ደቂቃ ይበቃል።

አንደኛ፣ ቦታዋን ማስተካከል ነው። ጎጆዋ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ አንድ ጎኑ ከግድግዳ ተጠግቶ፣ ቤተሰቡ በሚውልበት ክፍል ይቀመጥ። ከኋላዋ የሚመጣ ነገር እንደሌለ ስታውቅ ትረጋጋለች። በቡድን የምትኖር ወፍ በመሆኗ በጓዳ ብቻዋን ትዘጋ አይባልም። መካነ ሰላም ደጋ ስለሆነ ማታ ከብርድና ከነፋስ መጠበቅ አለባት። ከ10 እስከ 12 ሰዓት የሚደርስ ጸጥ ያለ እንቅልፍም ያስፈልጋታል።

ሁለተኛ፣ ምንም ሳይጠይቁ አጠገቧ መዋል ነው። ልጁ የቤት ሥራውን ከጎጆዋ ጥቂት ራቅ ብሎ ይሥራ። ትምህርቱን በለሰለሰ ድምፅ ያንብብ። ጎኑን እንጂ ፊቱን አያዙርባት። በየቀኑ ወንበሩን አንድ ስንዝር ያህል ያስጠጋ፤ ላባዋን ካጣበቀች ወደ ትናንቱ ቦታ ይመለስ። ወፊቱ ልጁ እያለ ያለ ሥጋት መብላት ከጀመረች አንዱ ደረጃ ታለፈ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ በምግብ መቀራረብ ነው። ወፊቱ ከሁሉ አስበልጣ የምትወደውን እህል ይለዩና ያንን በዕቃዋ ውስጥ አያድርጉላት፤ ከልጁ እጅ ብቻ ታግኘው። ሌላው ምግቧ ግን ፈጽሞ አይጓደል። በመጀመሪያ በፍርግርጉ በኩል፣ ከታች በኩል ቀርቦ ይስጣት። ካልተቀበለች አስቀምጦላት ይሂድ።

አራተኛ፣ በሩን መክፈት ነው። መስኮቱና የክፍሉ በር ተዘግተው፣ ድመትም ወጥታ፣ የጎጆዋ በር ይከፈት። ልጁ እጁን ወደ ውስጥ አያስገባ፤ ከበሩ ውጭ መዳፉን ዘርግቶ ጥሬውን ይያዝ። ዛሬ አንገቷን ብቻ ታወጣለች፤ ሌላ ቀን አንድ እግሯን ታሳርፋለች። መመለስ ስትፈልግ ትመለስ። መብረር ስለማትችልም ከወደቀች እንዳትጎዳ ከታች ወፍራም ጨርቅ ይነጠፍላት።

ይህ ሁሉ ስንት ቀን ይፈጃል? አንዷ ወፍ በሳምንታት፣ ሌላዋ በወራት ትለምዳለች። የቀኑን ቁጥር የምትወስነው ወፊቱ ናት።

ስትነክስ ምን ይደረግ?

መጮኽ፣ መምታት፣ ምንቃሯን መጠቆም አይገባም። ልጁ ዝም ብሎ እጁን በዝግታ ያርቅና ትንፋሽ ይስጣት። የነከሰችው ከዚያ በፊት ያሳየችውን የፍርሃት ምልክት ሰው ሳያይላት በመቅረቱ ነው።

የጎረቤቶቹን ምክር በተመለከተ፣ ማስራብ ትንሿን ወፍ በአጭር ጊዜ ሊገድላት ይችላል። በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝም ለሕክምና ካልሆነ በስተቀር ፍርሃቷን ያጸናዋል። ከፍርሃት ብዛት ፈዝዛ ዝም ያለች ወፍ ለመደች ማለት አይደለም።

በዚህ ረገድ በዓለም ላይ የታወቀ አንድ ምሳሌ አለ። አይሪን ፔፐርበርግ የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 ከቺካጎ ከተማ አንድ ግራጫ በቀቀን ገዝተው አሌክስ የሚል ስም ሰጡት። አሌክስ እ.ኤ.አ. በ2007 እስኪሞት ድረስ ከ100 በላይ ቃላት ተምሯል፤ ቀለምና ቅርጽ ይለይ፣ ጥቂት ቁጥሮችንም ይቆጥር ነበር። ሥራው ሲሰለቸው ወደ ቦታው መመለስ እንደሚፈልግ በቃል ይናገር ነበር። እምቢ ማለት የሚችል ፍጡር ነው እሺ ሲልም የሚታመነው።

ምግቧና የቤት ጢስ

ዳጉሳ፣ ስንዴ፣ ማሽላ፣ ጥቂት የሱፍ ፍሬ፣ ጎመን፣ ካሮትና የሾላ ፍሬ ይስማሟታል። ቃሪያ ብታገኝም ሳትሳሳ ትበላዋለች፤ የሚያቃጥለን ነገር ለወፎች አይሰማቸውምና። አቮካዶ፣ ቸኮሌት፣ ቡና፣ ጨው የበዛበት ምግብና ጠላ ግን ይጎዷታል፤ አቮካዶ እስከ ሞት ያደርሳል።

የወፍ ሳንባ ከሰው ይልቅ በጢስና በመርዛማ ጋዝ ቶሎ ይጠቃል። ስለዚህ ከሰል ሲቀጣጠል፣ ቡና ሲቆላ፣ እጣን ሲጤስ ወፊቱን ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር ያስፈልጋል። ምግብ እንዳይዝ የተለበጠ መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ሲግል የሚያወጣው ጋዝም ወፍን ወዲያው ይገድላል።

የቤተሰብ ጤና

በቀቀኖች በኩሳቸውና በላባቸው ብናኝ አማካይነት ወደ ሰው የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ሊይዙ ይችላሉ። በሽታው በሰው ላይ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ደረቅ ሳል ያስከትላል፤ በወቅቱ ከታወቀ በመድኃኒት ይድናል። ስለዚህ የጎጆው ወለል ሳይጠረግ በፊት በውኃ ይረስ፤ ልጆች ወፊቱን ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ በአፍም አይሳሟት። በሽታው በነፍሰ ጡር ላይ ስለሚበረታ ነፍሰ ጡር እናት ጎጆውን አታጽዳ። ከቤተሰቡ የታመመ ቢኖር በቤት ውስጥ ወፍ እንዳለች ለሐኪም መንገር ይገባል።

ጤነኛዋን ወፍ ግን አታላምዷት

ይህን ጽሑፍ ያነበቡ ሌሎች ልጆች «እኛም በቀቀን እንያዝ» ማለታቸው አይቀርም። እዚህ ላይ እናቶች ቁርጡን መናገር አለባቸው። ከላይ የተሰጠው ምክር መብረር ለማትችል ወፍ ነው። ጤነኛ የዱር ወፍ ሰውን ማመን ከተማረች፣ ያ እምነት ራሱ ጠላቷ ይሆናል፤ ወጥመድ የያዘውንም እጅ ትቀርባለችና። ላባ ያወጣች ጤነኛ ጫጩት ከዛፍ ሥር ከተገኘች፣ ወላጆቿ በአካባቢው ስለማይጠፉ በዚያው ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጦ መራቅ ይሻላል። ዛፉ ከተቆረጠም በአቅራቢያው ባለው ሌላ ዛፍ ላይ ማድረግና ከሩቅ መጠበቅ ይቻላል።

ሕጉም ይህንኑ ይደግፋል። የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ስለዚህ የመካነ ሰላሟ እናትም የወፊቱን ጉዳትና የሐኪሙን አስተያየት ይዘው ጉዳዩን ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢያስታውቁ መልካም ነው። በሌላው ዓለምም የዱር በቀቀን ንግድ እየተገታ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 የዱር ወፎች ወደ ግዛቱ እንዳይገቡ በቋሚነት አግዷል። የአሌክስ ወገን የሆነው ግራጫ በቀቀንም ከዱር ተይዞ በአገሮች መካከል ለንግድ እንዳይዘዋወር እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም አቀፍ ስምምነት ተወስኗል። ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው።

የመካነ ሰላም አካባቢ ነዋሪዎች የተሻለ ዕድል አላቸው። ከከተማው ሩቅ ያልሆነው የደንቆሮ ጫካ፣ ዛሬ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ በሚኖሩበት በዚህ አገር ልጆችን ይዞ ወጥቶ ወፎችን በዛፋቸው ላይ ማሳየት ይቻላል። በግቢ ውስጥ የሚገኝ ያረጀ ዛፍም ቀዳዳ ስላለው ብቻ ለማገዶ አይቆረጥ። ለበቀቀን ቤቷ ነው። መቁረጥ የግድ ከሆነም አስቀድሞ ጎጆ መኖሩን መመልከት ይገባል።

ለልጁም አንድ ቃል አለን። ፈሪዋን ወፍ በትዕግሥት የሚጠብቅ ልጅ፣ ከመያዝ በፊት ፈቃድ መጠየቅን፣ ሌላው እምቢ ሲልም ሳይቆጡ መመለስን ይማራል። ይህ ጠባይ ለታናሽ እኅቱ፣ ለክፍል ጓደኛው፣ ነገም ለትዳር ጓደኛው የሚተርፍ ነው። እኛ ወላጆችም ብንሆን የሚያፍር ልጃችንን በእንግዳ ፊት «ሳማቸው፣ ተናገር እንጂ!» እያልን ከመጎተት ይልቅ፣ አጠገባችን ተቀምጦ በራሱ ጊዜ እንዲቀርብ ብንተወው መልካም ነው።