ለአንዱ ብርሃን፣ ለሌላው ጨለማ

ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት። ላንድክሩዘር ብቅ ሲል የባጃጁ ሹፌር ዓይኑን ይጨፍናል፤ ብስክሌተኛው ዳር ይይዛል። ባለመኪናው ረጅም መብራት አላበራም። አምፖል ብቻ ነው የቀየረው።

ጥፋቱም እሱ ነው። የቆዩት ላንድክሩዘሮች የሚወስዱት ኤች4 ሃሎጅን አጭሩ 55፣ ረጅሙ 60 ዋት ነው። ከጀርባው ያለው አንጸባራቂ የተሠራው ለዚያ አምፖል ክር ተለክቶ ነው። ርካሽ ኤልኢዲ ሲሰካበት ብርሃኑ የሚነሳበት ቦታ ይዛነፋል፤ አስፋልት ላይ መውደቅ የነበረበት ጨረር የሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። መኪናው ከፍ ያለ መሆኑ ደግሞ ያብሰዋል።

«የገጠር መንገድ ጨለማ ነው፣ ከብት ይገባል» ይባላል። እውነት ነው። መፍትሔው ግን የደበዘዘውን የመብራት መስታወት መወልወል፣ ከባትሪ በሪሌ ጥሩ መስመር መዘርጋት፣ ደህና ሃሎጅን መግዛት፣ ከዚያም ግድግዳ ፊት አቁሞ ጨረሩን ዝቅ አድርጎ ማስተካከል ነው።

ጀርመን እንዲህ ያለውን ኤልኢዲ የምትፈቅደው ለመኪናው ሞዴል ተፈትኖ ሲጸድቅ ብቻ ነው። እዚህም ቦሎ ከመለጠፉ በፊት መብራቱ መሥራቱ ብቻ ሳይሆን የት እንደሚያበራም ይፈተሽ።

መንገዱ የጋራ ነው። ሌላውን አሳውሮ ማየት ማሻሻል አይባልም።