አምስቴ ስለሠራ ብቻ?

ዛሬ ስለ አንድ ቁጥር ላውራችሁ፦ 4,294,967,297።

ከ3 እንነሳ። 1 ቀንሱለት፣ የቀረውን በራሱ አባዙት፣ 1 ጨምሩበት። 5 ይመጣል። በ5ም እንደዛው አድርጉ፣ 17 ይሆናል። ቀጥሎ 257፣ ከዚያ 65,537። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1ና ከራሳቸው በስተቀር አካፋይ የላቸውም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ ይህን አይቶ የሚቀጥሉትም ሁሉ ብቸኛ ናቸው ብሎ አመነ። ማረጋገጫ ግን አልነበረውም።

ስድስተኛው ያ ከላይ የጻፍኩት ቁጥር ነው። በ1732 ኦይለር ለ641 እንደሚካፈል አሳየ፦ 641 × 6,700,417። በቃ፣ ግምቱ ፈረሰ።

641 በዕድል የተገኘ እንዳይመስላችሁ። የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋይ ካለ፣ የ64 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት፤ ይህን ኦይለር ራሱ ኋላ አረጋግጦታል። ስለዚህ የሚሞከሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው። አምስተኛው ላይ ትይዙታላችሁ ማለት ነው፤ ያለ ካልኩሌተር፣ በወረቀትና በእስክሪፕቶ!

አሁን ወደ ክፍላችን እንምጣ። ተማሪ "አረጋግጥ" ሲባል 1ን፣ 2ን፣ 3ን አስገብቶ "ስለዚህ ትክክል ነው" ይላል። ብዙዎቻችንም ራይት አድርገን እናልፈዋለን። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም እኮ። ማትሪክ ምርጫ ነው፤ ቁጥር አስገብቶ መሞከር እዚያ ያዋጣል። የሚያዋጣውን ነው የያዘው። ችግሩ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ነው፤ ማረጋገጫ ሲጠየቅ አሁንም ምሳሌ ይደረድራል፣ ከዚያ "ማትስ ከብዶኝ" ብሎ ዲፓርትመንት ይቀይራል።

ስለዚህ የሒሳብ መምህራን፣ 9ኛ ክፍል ላይ አንድ ፔሬድ ለዚህ ቁጥር ስጡ እላለሁ። "ፖርሽን አያልቅም" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አንድ ፔሬድ ነው! ግን 641ን ቀድማችሁ እንዳትነግሯቸው። አምስቱን ቁጥሮች አሳዩ፣ ስድስተኛውስ ብላችሁ እጅ አስወጡ። ክፍሉ በሙሉ "ብቸኛ ነው" ይበል። ከዚያ በቡድን እያካፈሉ ይድከሙ። ቀሪው ዜሮ ሲሆን የሚወጣውን ጩኸት ማንም መጽሐፍ አይሰጣችሁም።

ጎበዞቹ ዝም እንዳይሉ ደግሞ ይቺን ጨምሩ። ከስድስተኛው ጀምሮ በተከታታይ 28 የፌርማ ቁጥሮች ብቸኛ እንዳልሆኑ ታውቋል። ከ65,537 በላይ ብቸኛ የሆነ እስካሁን አንድም አልተገኘም፤ ፈጽሞ የለም ብሎ ያረጋገጠም የለም።

እና የድሮ ተማሪዎቼ፣ "28ቱም ብቸኛ አይደሉም፣ ስለዚህ ከዚህ በኋላ የለም" ብሎ ለጻፈ ልጅ ከ5 ስንት ትሰጡታላችሁ? ኮሜንት ላይ ጠብቃለሁ፣ ከነምክንያቱ።