ከዱቤ ካርድ ዕዳ መላቀቅ

በአሜሪካ አገር ብዙ ሰው ክሬዲት ካርድ በተባለ የዱቤ መግዣ ይገበያል። ባንኩ በየወሩ የሚያስገድደው ዝቅተኛውን ክፍያ ብቻ ስለሆነ፣ ባለዕዳው ይህን ከከፈለ ዕዳው የሚቃለልለት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

ለምሳሌ 1,000 ዶላር ዕዳ ያለበት ሰው የዓመት ወለዱ 24 በመቶ ቢሆን፣ የአንድ ወር ወለድ 20 ዶላር ያህል ይደርሳል። 25 ዶላር ቢከፍል ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 5 ዶላር ብቻ ነው፤ 100 ዶላር ቢከፍል ግን 80 ዶላር ይቀነስለታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ ሕግም፣ ዝቅተኛውን ብቻ መክፈል ዕዳውን ምን ያህል እንደሚያራዝም በሒሳብ መግለጫው ላይ እንዲጻፍ አስገድዷል።

እንግዲህ ባለዕዳው በመጀመሪያ በካርዱ መግዛቱን ሊያቆም ይገባል፤ እየከፈሉ እንደገና መበደር ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነውና። ካርዶቹ ብዙ ከሆኑ ለሁሉም ዝቅተኛውን እየከፈለ፣ የተረፈውን ገንዘብ ወለዱ ለከበደው ካርድ ያውል። ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው ይህ ከባድ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ከዝቅተኛው ክፍያ በላይ የምትጨመር 10 ዶላር እንኳ ሙሉ በሙሉ ዋናውን ዕዳ ትቀንሳለች።