የጠቆረ እጅ

የሀዋሳ መንገድ ከአዳማው በሚለይባት በሞጆ ለብዙ ዓመታት መኪና ሲጠግኑ ኖረው ወደ ጌታ የሄዱ አንድ አባት ነበሩ። ቱታቸው ግሪስ የጠጣ፣ ጥፍራቸው የጠቆረ ነበር። ልጆቻቸው በልጅነታቸው በዚህ ያፍሩ ነበር።

በለቅሶው ላይ ግን አንድ የሚኒባስ ሹፌር ተነሥቶ፣ «የፍሬን ዘይት መስመር ውስጥ አየር ከገባ ፔዳሉ ይለሰልሳል፤ መኪናውን ማቆም ያስቸግራል። እሳቸው ገንዘብ ባይኖረኝም እንኳ አየሩን ሳያወጡ አንድም ቀን አልለቀቁኝም» አለ። ልጆቹ አለቀሱ። ያ የጠቆረ እጅ ስንቱን ተሳፋሪ በሰላም ወደ ቤቱ መልሷል!

እኅቴ ሆይ፣ ባለቤትሽ ዛሬ ደክሞ ሲገባ ልጆችሽ እጁ ምን ሲሠራ እንደዋለ ይጠይቁት። ምስጋናውን ለለቅሶ ቀን አናቆየው።